ቦርዴይን፦ አንዲት የዓባይ የእንፋሎት ጀልባ በካርቱም ከበባ

ጃንዋሪ 31 ቀን 1885 ከሰዓት በኋላ ቦርዴይን የተባለችው የእንፋሎት ጀልባ ከካርቱም በስተ ሰሜን፣ መርናት ከምትባል የዓባይ ደሴት አጠገብ፣ ከውሃው በታች ከተሰወረ ቋጥኝ ጋር ተጋጭታ ቀፎዋ ተቀደደ። ከሦስት ቀን በፊት ይህችው ጀልባ ካርቱም ፊት ለፊት ቆማ፣ ከግራም ከቀኝም የዘነበባትን የመድፍና የጠመንጃ እሩምታ ተቋቁማ ተመልሳ ነበር። መድፍ ያልጣላትን ድንጋይ ጣላት። የካርቱም ከበባ ታሪክ ብዙውን ጊዜ የሚነገረው ከተማይቱን ይከላከል በነበረው እንግሊዛዊ በጄኔራል ጎርደን ጽናትና ሊደርስለት ሲጓዝ በዘገየው የእንግሊዝ ጦር ላይ በሚሰነዘረው ወቀሳ ዙሪያ ነው። ይህ ጽሑፍ ግን ጀልባዋን ራሷን ይከተላል፤ ምክንያቱም የወንዙን ልክ፣ የማገዶውን እጥረትና የቀፎውን ስስነት ያላገናዘበ ሰው በዚያ ጃንዋሪ የሆነውን ነገር በትክክል ሊፈርድ አይችልም ብዬ አምናለሁ። ቀኖቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው። እንዲሁም ከዚህ በታች መተማ እየተባለ የሚጠራው ቦታ በሱዳን ውስጥ ከሸንዲ ፊት ለፊት በዓባይ ዳር ያለው ከተማ እንጂ አፄ ዮሐንስ የወደቁበት የድንበሩ መተማ አለመሆኑን አንባቢ ልብ እንዲል ያስፈልጋል።

ከጦርነቱ በፊት

ቦርዴይን ለጦርነት የተሠራች አልነበረችም። ስሟን ያገኘችው በግብጽ ዴልታ ካለ መንደር ሲሆን፣ የግብጹ ገዥ ከዲቭ እስማኤል ግዛቱን ወደ ደቡብ ለማስፋት በተነሣበት ዘመን የግብጽ መንግሥት ካርቱም ላይ ካሰባሰባቸው የእንፋሎት ጀልባዎች አንዷ ነበረች። በሁለቱ ጎኖቿ መቅዘፊያ መንኮራኩር የተገጠመላት፣ ሆዷ ጠፍጣፋ፣ በጥቂት ውሃ ላይ የምትንሳፈፍና በእንጨት ማገዶ የምትሠራ ጀልባ ነበረች። እንዲህ ያለው አሠራር አሸዋ በሚበዛበትና ጥልቀቱ ከሳምንት ሳምንት በሚለዋወጥ ወንዝ ላይ ተገቢ ነው፤ ጉዳቱ የሚታየው በጦርነት ጊዜ ነው፤ መንኮራኩሮቹ ከጎን ወጥተው ስለሚታዩ ለተኳሽ ሰፊ ዒላማ ናቸው፣ ከመካከላቸው የተቀመጠው ቦይለርም (እንፋሎት የሚመነጭበት የብረት ጋን) የሚሸፍነው ነገር የለም።

በ1870ዎቹ የጀልባዋ ሥራ ወታደርና ሹም፣ ደብዳቤና እህል በነጭ ዓባይ ላይኛው ክፍል ወዳሉት ወደ ጎንዶኮሮና ወደ ላዶ ማመላለስ፣ ሲመለሱም የዝሆን ጥርስ መጫን ነበር። ጎርደን ራሱ በ1874 የደቡቡ ግዛት የኢኳቶሪያ ገዥ ሆኖ ሲሾም የሚመካው በእነዚሁ ጀልባዎች ላይ ስለነበር፣ ከአሥር ዓመት በኋላ በከበባ ውስጥ ሲያዝዛቸው የእያንዳንዳቸውን ጠባይ የሚያውቅ ሰው ነበር።

ከዚያ ዘመን አንድ ክስተት ጎላ ብሎ ሊነገር ይገባዋል። በሴፕቴምበር 1880 የባሕር ኤል ገዛል አስተዳዳሪ የነበረው ጣሊያናዊው ሮሞሎ ጌሲ ሳፊያ በተባለችው ጀልባ ጀልባዎችን እያስጎተተ ወደ ካርቱም ሲመለስ፣ ሱድ በሚባለው ረግረግ ውስጥ ተንሳፋፊው ሣርና ደንገል መንገዱን ዘጋበት። ማገዶው አለቀ፤ እህሉም አለቀ። ሳምንታት ወራት ሲሆኑ ከ400 በላይ ሰዎች በረሃብና በበሽታ ሞቱ፤ የተረፉትም የሞቱትን ሥጋ እስከ መብላት ደረሱ። ጃንዋሪ 5 ቀን 1881 ሣሩን እየቆራረጠች ደርሳ ያወጣቻቸው ጀልባ ኦስትሪያዊው ኤርንስት ማርኖ ይመራት የነበረችው ቦርዴይን ናት። ጌሲ ከዚያ ጉዳት አላገገመም፤ በዚያው ዓመት ግብጽ ውስጥ ሱዌዝ ላይ ሞተ። ከአራት ዓመት በኋላ ደግሞ የቦርዴይንን ሰዎች ከሞት ያወጣቻቸው ሳፊያ መሆኗን ወደፊት እናያለን።

ወደ ጦር ጀልባነት መለወጥ

ጎርደን ፌብሩዋሪ 18 ቀን 1884 ካርቱም ሲገባ የተሰጠው ተልእኮ የግብጽን ጦርና ሲቪል ሠራተኞች ከሱዳን ማስወጣት ነበር። በማርች አጋማሽ ላይ፣ በግብጽ አገዛዝ ላይ ያመፀው ሱዳናዊ የሃይማኖት መሪ የማህዲው ተከታዮች፣ አንሳሮች፣ ከተማይቱን ከበቧት፤ የቴሌግራፉም ሽቦ ተቆረጠ። ከዚያ ወዲህ ከግንቡ ውጭ መንቀሳቀስ የሚችል ኃይል ሆነው የቀሩት ጀልባዎቹ ብቻ ነበሩ። በካርቱም ውስጥ ግን መርከብ መጠገኛ ቦታ፣ የብረት መሥሪያና በሥራቸው የተካኑ ግብጻውያንና ሱዳናውያን ባለሙያዎች ነበሩ፤ በከበባው ውስጥ እንኳ ዙበይር የተባለች አዲስ ጀልባ ተገጣጥማ ውሃ ላይ እስከ መውረድ ደርሳለች።

ጀልባዎቹን ለጦርነት የማዘጋጀቱ ሥራ የተከናወነው በእጅ በተገኘ ነገር ነው። በጎኖቻቸው ላይ ከአሮጌ ቦይለሮች የተገነጠለ ላሜራ ተለጥፎ ከኋላው በወፍራም እንጨት ተደገፈ። በፊተኛው ጫፍና በመካከሉ፣ ከመንኮራኩሮቹ ሽፋን መሀል ከፍ ብሎ፣ ከትልልቅ ግንዶች የተሠራ የመድፍ ማማ ቆመ፤ በእያንዳንዱም አንድ ትንሽ የነሐስ ተራራ መድፍ ተቀመጠ። የጠመንጃ ጥይት ይህን አልፎ አይገባም ነበር። የመድፍ ጥይት ግን ልክ ከመጣ ሁሉንም አልፎ ይገባል፤ ከውሃው ወለል በታች ያለው ቀፎ ደግሞ እንደ ቀድሞው ስስ ሆኖ ቀረ። ተጨማሪው ብረትና እንጨት በዚህ ላይ ሌላ ችግር ጨመረ፤ ጀልባይቱ ስትከብድ ወደ ውሃው ጠልቃ ትቀመጣለች፤ ጥልቀት በሌለው ውሃ የመሄድ ጥቅሟም በዚያው መጠን ይቀንሳል። ይህ ልውውጥ በከፍተኛ ውሃ ጊዜ ብዙ አይታወቅም፤ በዝቅተኛው ጊዜ ግን ዋጋ ያስከፍላል።

በመርከቧ ላይ የነበረው ኑሮ ከመደበኛ የጦር መርከብ ጋር የሚመሳሰል አልነበረም። ወታደሮቹ አብዛኞቹ ጥቁር ሱዳናውያንና በኸሽም ኤል ሙስ የሚመሩ የሻይጊያ ጎሣ ሰዎች ሲሆኑ፣ ባሪያ ሴቶች ከታች የማሽላ ቂጣ ይጋግሩላቸው ነበር፤ የጀልባዎቹን ሁኔታ ያዩት እንግሊዛውያን መኮንኖች እሳቱ ከባሩዱ ማከማቻ አጠገብ መንደዱን በድንጋጤ ጽፈዋል። ከሁሉ የከፋው ችግር ማገዶ ነበር። ድንጋይ ከሰል በሌለበት አገር የሚቃጠለው እንጨት ብቻ ስለሆነ፣ ጀልባዎቹ በየዳርቻው ቆመው ቤት እያፈረሱና ገበሬው መስኖ የሚያጠጣበትን ሳቂያ፣ ያንን ትልቅ የእንጨት መንኮራኩር፣ እየሰባበሩ ይጭኑ ነበር። በእያንዳንዱ ማገዶ ለቀማ ላይ ሰዓታት ይጠፋሉ፣ ወታደሮችም ለተኩስ ይጋለጣሉ፤ ሳቂያው የፈረሰበት ገበሬ ደግሞ ለጀልባዎቹ ወዳጅ ሊሆን አይችልም።

እንዲህም ሆኖ በ1884 ክረምት ጀልባዎቹ የከተማይቱን ዕድሜ አራዘሙ። በጥቁር ዓባይና በነጭ ዓባይ ላይ እየወጡ የአንሳሮቹን ምሽጎች መቱ፤ እህልና ከብት እየዘረፉም ለከተማው አመጡ። ነገር ግን ከወንዙ ዳር ርቆ የሚደረግን ውጊያ ሊረዱ አይችሉም ነበር፤ በሴፕቴምበር መጀመሪያ የጎርደን ምርጥ የጦር አዛዥ መሐመድ ዓሊ ከወንዙ ተለይቶ ሲዘምት ከነሠራዊቱ ተደመሰሰ። በዚያው ወር የጎርደንን ምክትል ኮሎኔል ስቱዋርትን፣ ጋዜጠኛውን ፍራንክ ፓወርንና የፈረንሳይ ቆንስሉን ኤርባንን ይዛ ወደ ግብጽ የወረደችው አባስ የተባለች ጀልባ ሴፕቴምበር 18 ቀን ሄባ አጠገብ ድንጋይ መታት፤ ተሳፋሪዎቹም ወደ ዳር ከወጡ በኋላ በተንኮል ተገደሉ።

በዚሁ ወቅት ወደ ምሥራቅ ያለው በር የተከፈተው በኢትዮጵያ በኩል ነበር። አፄ ዮሐንስ ከእንግሊዙ አድሚራል ሂወት ጋር ጁን 3 ቀን 1884 ዓድዋ ላይ በተፈራረሙት ውል መሠረት፣ በድንበሩ አካባቢ የተከበቡት የግብጽ የጦር ሰፈሮች በኢትዮጵያ ምድር በኩል ወደ ምጽዋ እንዲወጡ ተስማሙ፤ የጋላባቱም ጦር በኢትዮጵያውያን እርዳታ ወጣ። ካርቱም ግን ከዚያ ድንበር እጅግ ሩቅ ስለነበረች ውሉ አልጠቀማትም፤ ለእሷ የቀራት መውጫ ወንዙ ነበር። ኢትዮጵያ ለዚህ የከፈለችው ዋጋ ከደርቡሾች፣ ማለትም ከማህዲው ተከታዮች፣ ጋር የማያባራ ጠላትነት ሲሆን፣ ያም በማርች 1889፣ በእኛ አቆጣጠር በመጋቢት 1881 ዓ.ም.፣ ከንጉሠ ነገሥቱ ሞት ላይ አድርሷታል።

ውሃው ሲጎድል

እዚህ ላይ በብዙ ትረካዎች ውስጥ ችላ የሚባለውን ነገር ማንሣት ያስፈልጋል። በካርቱምና ከዚያ በታች ያለው የዓባይ ልክ በዓመቱ ውስጥ የሚወሰነው በዋናነት በኢትዮጵያ ደጋ ላይ በሚዘንበው የክረምት ዝናብ ነው። በነሐሴና በመስከረም ጥቁር ዓባይ ሞልቶ ሲወርድ ጀልባዎቹ ያለ ስጋት በቋጥኞች ላይ ያልፋሉ፤ ዝናቡ ካባራ በኋላ ወንዙ ከጥቅምት ጀምሮ እየቀነሰ ሄዶ በጥር ወር አብዛኛው ድንጋይ ብቅ ይላል ወይም ከወለሉ በታች በጥቂት ስንዝር ተደብቆ ይቀመጣል። ስለዚህ ለካርቱም የሚደረግ እርዳታ ጊዜው የሚለካው በሁለት ሰዓት ቆጣሪ ነበር፤ አንዱ የከተማው እህል፣ ሁለተኛው የወንዙ ውሃ ነው። ለንደን የነበሩት ሚኒስትሮች የመጀመሪያውን እየተከራከሩበት ሳለ ሁለተኛው ማንንም ሳይጠብቅ ይወርድ ነበር።

የውሃው መጉደል በሁለት በኩል ጎዳ። በአንድ በኩል የከተማይቱ የደቡብ ግንብና ቦይ በምዕራብ ጫፉ ነጭ ዓባይ ላይ ያርፍ ስለነበር፣ ወንዙ ሲሸሽ በግንቡና በውሃው መካከል ጭቃና አሸዋ የሆነ ክፍት ቦታ ቀረ፤ አንሳሮቹ ጃንዋሪ 26 ቀን 1885፣ በእኛ አቆጣጠር ጥር 19 ቀን 1877 ዓ.ም.፣ ገና ሳይነጋ ሰብረው የገቡት በዚያ በኩል ነው። በሌላ በኩል ከካርቱም በስተ ሰሜን ወንዙ በሸብሉካ ጠባብ ሸለቆ ውስጥ ሲያልፍ የሚፈጥረው ስድስተኛው ካታራክት፣ ቋጥኝ የሚበዛበት ፈጣን ውሃ፣ ከበድ ብላ ለታጠቀች ጀልባ ወጥመድ ሆነ።

ጎርደን የመጨረሻውን የማስታወሻ ደብተሩን ዲሴምበር 14 ቀን ዘግቶ ለቦርዴይን ሰጣት። በዚያ ደብተር መዝጊያ ላይ የጠየቀው ከ200 ያልበለጠ ሰው ሲሆን፣ ያ በአሥር ቀን ውስጥ ካልደረሰ ከተማይቱ ልትወድቅ እንደምትችል አስጠንቅቋል። ቦርዴይን በአንሳሮች ምሽጎች መሀል ወርዳ ከመተማ በላይ የእንግሊዝን ጦር የሚጠብቁትን የጎርደን ጀልባዎች ተቀላቀለች። በረሃውን አቋርጦ የመጣው የእንግሊዝ ጦር ጃንዋሪ 17 በአቡ ክሌአ፣ ጃንዋሪ 19 በአቡ ክሩ ከባድ ውጊያ አድርጎ፣ አዛዡ ሰር ኸርበርት ስቱዋርት (ከተገደለው ኮሎኔል ስቱዋርት የተለየ ሰው) ለሞት ያበቃውን ቁስል ከቆሰለ በኋላ ወንዙ ዳር ጉባት ላይ ሰፈረ። ጃንዋሪ 21 ቀን ጦሩ መተማን ሲያጠቃ ቦርዴይን፣ ተላሃዊያ፣ ሳፊያና ተውፊቂያ የግብጽን ባንዲራ እያውለበለቡ ደረሱ፤ ወዲያውም መድፋቸውን ወደ ዳር አውርደው በውጊያው ገቡ።

ከዚህ ቀን እስከ ጃንዋሪ 24 ያለው ጊዜ ብዙ የተወቀሰ ነው። አዛዥነቱ የወደቀበት ሰር ቻርልስ ዊልሰን የስለላ መኮንን እንጂ ጦር መርቶ የሚያውቅ ሰው አልነበረም፤ ጀልባዎቹን ሊያዝዝ የሚገባው ሎርድ ቻርልስ ቤረስፎርድ ታምሞ ነበር፤ ከሥሩ ያሉት የባሕር ኃይል መኮንኖችም ሞተዋል ወይም ቆስለዋል። ዊልሰን አንድ ቀን ወደ ሸንዲ በኩል ለቅኝት አዋለ፤ አንድ ቀን ደግሞ በተኩስና በሥራ የደከሙትን ሞተሮች በማሳደስ፣ ማገዶ በማሰባሰብና ጎርደን በደብዳቤው እንዳሳሰበው ግብጻውያኑን ከጀልባዎቹ አውርዶ በሱዳናውያን በመተካት አለፈ። በኔ ግምት የሸንዲው ቅኝት ሊቀር ይችል ነበር፤ የሞተሩና የማገዶው ሥራ ግን ሊቀር አይችልም፤ ሳይታደስ የተነሣ ሞተር በመንገድ ላይ ቢቆም ኖሮ ዛሬ የምንወቅሰው የዊልሰንን ችኮላ ይሆን ነበር።

ጃንዋሪ 24 ማለዳ ሁለት ጀልባዎች ተነሡ። በቦርዴይን ላይ ዊልሰን፣ ካፒቴን ጋስኮይንና ኸሽም ኤል ሙስ፣ በተላሃዊያ ላይ ሌተና ስቱዋርት ዎርትሊ ተሳፍረዋል። ከእነሱ ጋር የነበሩት እንግሊዛውያን ወታደሮች ከሮያል ሰሴክስ ክፍለ ጦር የተመረጡ 20 ሰዎች ብቻ ሲሆኑ፣ የካርቱም ሕዝብ እንግሊዞች በእርግጥ መምጣታቸውን በዓይኑ እንዲያይ ቀይ ኮት እንዲለብሱ ተደርጎ ነበር። የቀሩት 200 ገደማ ተዋጊዎች ሱዳናውያን ነበሩ፤ ተላሃዊያም ማሽላ የጫነ ጀልባ ከኋላዋ ትጎትት ነበር። እስከ ካርቱም ያለው ርቀት 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው።

በማግስቱ ጃንዋሪ 25 ቦርዴይን ከሸብሉካ በታች ባሉት ቋጥኞች መሀል ድንጋይ ላይ ወጣች። እህሉንና ጥይቱን አራግፈው፣ በገመድ እየሳቡ ሊያላቅቋት የቻሉት በ26ኛው ቀን ማታ ነበር። በዚያው ቀን ጎህ ሳይቀድ ካርቱም ወድቃ ጎርደንም ተገድሎ ነበር። ስለዚህ ሒሳቡን በጥንቃቄ ብንሠራው፣ ጀልባዎቹ በ22 ተነሥተው ድንጋይ ባያገኛቸው ኖሮ በ25 ገደማ ሊደርሱ ይችሉ ነበር፤ እንደሆነው ድንጋይ ቢያገኛቸው ግን የሚደርሱት ከተማዋ ከወደቀች በኋላ ነው። ደርሰውስ ቢሆን 20 ቀይ ኮት የለበሱ ሰዎች የተራበ ሠራዊትን ምን ያህል ያጸኑት ነበር? ማህዲው ከተማይቱን በኃይል ለመያዝ የወሰነው የአቡ ክሌአን ሽንፈት ሰምቶ፣ እንግሊዞቹ ሳይደርሱ ለመቅደም ብሎ ነው። የጀልባዎቹ ጭስ ቀድሞ ቢታይ ጥቃቱ ይቀር ነበር ከማለት ይልቅ ይፈጥን ነበር ማለቱ ለኔ ይበልጥ ይታመናል።

በ27 ከዳር ሆኖ የጮኸ ሰው ካርቱም መውደቋንና ጎርደን መሞቱን ነገራቸው፤ አላመኑትም። ጃንዋሪ 28 ቀን በሀልፋያ በኩል ሲያልፉ ተኩሱ ጀመረ፤ ቱቲ ደሴት አጠገብ ሲደርሱ ከደሴቱም፣ ከካርቱም ወንዝ ማዶ ካለችው ከኦምዱርማንም፣ ከካርቱምም ይተኮስባቸው ነበር። በአስተዳዳሪው ቤተ መንግሥት ላይ ባንዲራ አልነበረም፤ ቤቱ የተበረበረ ይመስላል፤ በአሸዋማው ዳርቻ ላይ ዓርማቸውን የያዙ አንሳሮች ተሰልፈዋል። ዊልሰን ጀልባዎቹን እንዲያዞሩ አዘዘ። እንግሊዞቹ በዚህ ቅጽበት የተሰማቸው የተልእኮ መክሸፍ ነበር፤ ለሱዳናውያኑ ግን ሚስቶቻቸው፣ ልጆቻቸውና ንብረታቸው ሁሉ በዚያች ከተማ ውስጥ ነበሩ። ኸሽም ኤል ሙስ በመድፉ ማማ ጥግ ላይ ተጠቅልሎ ተቀመጠ። ተኳሾቹም ከዚያ ወዲህ ልባቸው ተሰበረ።

መመለሻው

ማህዲው በነጭ ባንዲራ መልእክተኛ ልኮ እጃቸውን እንዲሰጡ ጠየቀ። ኸሽም ኤል ሙስ ለመገዛት የሚያመነታ መስሎ መልስ ሰደደ፤ በዚህም ብልሃት ጀልባዎቹ የሸብሉካን ሸለቆ ያለ ተኩስ አለፉ። ይሁን እንጂ ጃንዋሪ 29 ምሽት ተላሃዊያ ድንጋይ መትቷት ሰጠመች፤ ሰዎቿ ወደ ቦርዴይንና ወደ ተጎታቹ ጀልባ ተሸጋገሩ። በ31 ደግሞ የቦርዴይን ተራ ደረሰ። እንግሊዛውያኑ መኮንኖች የወንዝ መሪዎቹ ሆን ብለው እንዳደረጉት ጠረጠሩ። መሪዎቹ ቤተሰባቸው በማህዲው እጅ የገባባቸው ሰዎች ስለነበሩ ጥርጣሬው ያለ ምክንያት አልነበረም፤ ነገር ግን በጥር መጨረሻ፣ ከመጠን በላይ በተጫነች ጀልባ፣ በጥድፊያ ወደ ታች በሚወርድ ውሃ ላይ ቋጥኝ ለመምታት ክህደት አስፈላጊ አይደለም። ወደ ላይ የሚወጣ ጀልባ ድንጋይ ሲነካ ውሃው ራሱ ወደ ኋላ ይገፋዋል፤ ወደ ታች የሚወርደውን ግን ውሃው በቋጥኙ ላይ ይጫነዋል።

ስቱዋርት ዎርትሊ ሌሊቱን በቀዘፋ ጀልባ ወርዶ ፌብሩዋሪ 1 ጉባት ደረሰ። ቤረስፎርድ ከሕመሙ ሙሉ በሙሉ ሳይድን በዚያው ቀን በሳፊያ ተነሣ። ፌብሩዋሪ 3 ቀን ዋድ ሐበሺ ከሚባለው ምሽግ ፊት ለፊት ሲያልፍ አንድ የመድፍ ጥይት የሳፊያን ቦይለር በሳው፤ እንፋሎቱ የሞተር ክፍል ሠራተኞችን አቃጠለ፤ ጀልባይቱም ከምሽጉ 500 ሜትር በማይሞላ ርቀት ላይ መልሕቅ ጥላ ቆመች።

ቀጥሎ የሆነው በዚህ ጉዳይ ውስጥ ከማደንቀው ሁሉ ይበልጣል። የሞተር መሐንዲሱ ሄንሪ ቤንቦው አንድ ላሜራ ቆርጦ፣ ቀዳዳዎቹን በእጅ በስቶ፣ ብሎኖቹን ራሱ ሠርቶ ቦይለሩን ለመለጠፍ ተነሣ። ብሎኖቹን ከውስጥ በኩል የሚያስገባ ሰው ያስፈልግ ነበር፤ ቦይለሩ ደግሞ ገና ይፋጃል። አንድ ጥቁር ልጅ ሰውነቱን ሞራ ተቀብቶ ወደ ውስጥ ገባ፤ በመጀመሪያ ሙቀቱን መቋቋም አቅቶት ወጣ፤ ሁለተኛ ገብቶ ሥራውን ፈጸመ። ሥራው በሙሉ አሥር ሰዓት ያህል ወሰደ፤ ይህ ሁሉ ጊዜ የጋርድነር መትረየሱና ጠመንጃዎቹ በምሽጉ መድፍ መተኮሻ ቀዳዳ ላይ ሳያቋርጡ ይተኩሱ ስለነበር የአንሳሮቹ መድፈኞች ጀልባይቱን ደግመው ሊያነጣጥሩባት አልቻሉም። ጦሩን የሚመራው ሎርድ ዎልስሊ ለቤንቦው የብር የሲጋራ መያዣውን ሸለመው። የልጁ ስም በትረካዎቹ ውስጥ አልተመዘገበም።

ፌብሩዋሪ 4 ጎህ ሲቀድ ሳፊያ እንፋሎቷን አነሣች፣ ዞራ በምሽጉ ፊት ወረደች፣ በቀኙ ዳርቻ በኩል በእግር የወረዱትን የዊልሰንን ሰዎችና በተጎታቹ ጀልባ ላይ የነበሩትን ቁስለኞች ሰብስባ ወደ ጉባት ተመለሰች። ቦርዴይን በመርናት ደሴት ላይ ተትታ ቀረች። እንግሊዞቹ በዚያው ወር ጉባትን ሲለቁ የሳፊያንና የተውፊቂያን ሞተር አበላሽተው ሄዱ።

በሌላ ባንዲራ ሥር

ማህዲው ጁን 22 ቀን 1885 ከሞተ በኋላ መንግሥቱን የያዘው ኸሊፋ አብዱላሂ የካርቱምን የመርከብ መጠገኛ አልዘጋውም። ቀድሞ የግብጽ መንግሥት ሠራተኞች የነበሩና አሁን በምርኮ የተያዙ ባለሙያዎች ቦርዴይንን ከመርናት አንሥተው ጠገኗት፤ ሳፊያና ተውፊቂያም ዳግም ሠሩ። ጀልባዎቹ በነጭ ዓባይ ላይ እህልና ወታደር እያመላለሱ ለ13 ዓመት የማህዲያውን መንግሥት አገለገሉ። ከውጭ መለዋወጫ ሳይገባ፣ ዘይቱም ብረቱም ከአገር ውስጥ ከሚገኘው እየተብቃቃ እነዚህን አሮጌ ሞተሮች ይህን ያህል ዘመን ማኖር ቀላል ሙያ አይደለም፤ የአውሮፓውያን ትረካ በዚህ ላይ ቸኩሎ ያልፋል።

የእንግሊዝና የግብጽ ጦር አዛዥ ኪችነር በ1896 ወደ ሱዳን ሲዘምት ይዟቸው የመጣው ጀልባዎች የተለየ ትውልድ ነበሩ። መጀመሪያ ፋቲህ፣ ናስርና ዛፊር፣ ቀጥሎም ሱልጣን፣ መሊክና ሼኽ የተባሉት በእንግሊዝ አገር ለጦርነት ተብለው የተሠሩ፣ ተበታትነው በባቡር ተጭነው መጥተው በወንዙ ዳር የተገጣጠሙ ናቸው። ወንዙም አልተረሳም፤ የመጨረሻው ግስጋሴ የተደረገው በኦገስት 1898፣ ውሃው ሞልቶ ሸብሉካ በሚታለፍበት ወር ነው። ከ1885 ሰዎች ሁለቱ ተመልሰው ነበር፤ በሳፊያ ላይ ወጣት መኮንን የነበረው ኮሊን ኬፕል አሁን የጀልባዎቹ ሁሉ አዛዥ ሲሆን፣ ስቱዋርት ዎርትሊ ደግሞ በምሥራቁ ዳርቻ ከእንግሊዝ ጋር የወገኑትን ዓረቦች ይመራ ነበር። የኬፕል ዋና ጀልባ ዛፊር ግን ኦገስት 28 ቀን፣ አንድ ጥይት ሳይተኮስባት፣ ውሃ አስገብታ ሰጠመች።

ኸሊፋው ጀልባዎቹን ለማስቆም በአሮጌ ቦይለሮች ውስጥ ባሩድ ሞልቶ በወንዙ ውስጥ ፈንጂ ሊያጠምድ ሞከረ፤ ሥራውን ትሠራ የነበረችው የጎርደን ዘመን ጀልባ ኢስማኢሊያ ከነፈንጂው ፈነዳች። ሳፊያና ተውፊቂያ በነጭ ዓባይ ሽቅብ እህል ለመሰብሰብ ተልከው በኦገስት መጨረሻ ፋሾዳ ላይ ከፈረንሳዊው የጦር መኮንን ከማርሻን ጋር ተታኮሱ። ተውፊቂያ ኦምዱርማን መያዟን ሳታውቅ ሴፕቴምበር 7 ቀን ስትመለስ በኪችነር እጅ ገባች፤ በጎኗ ላይ የተገኙት የአውሮፓ ጥይቶች ፈረንሳዮች ፋሾዳ መድረሳቸውን አረጋገጡ። ሳፊያን ኪችነር ራሱ ወደ ፋሾዳ ሲወጣ ሴፕቴምበር 15 ሬንክ ላይ አግኝቶ በመድፍ ከጥቅም ውጭ አደረጋት። ቦርዴይን ግን ሴፕቴምበር 2 ቀን 1898 ኦምዱርማን በወደቀችበት ጊዜ ሳትሰባበር ተማርካ ለሦስተኛ ባለቤት፣ ለአዲሱ የእንግሊዝና የግብጽ አስተዳደር ተላለፈች፤ ከአገልግሎት ከወጣች በኋላም የብረት ቅሪቷ በኦምዱርማን ተቀምጧል።